ሰነፉ ስዊች

በ2058 ዓ.ም. በቦርከና ከተማ አንድ ሰው ከጧት እስከ ማታ አንዲት ዓረፍተ ነገር ራሱ ሳይጨርስ መዋል ይችል ነበር፤ አብዛኛውም ሰው እንዲሁ ይውል ነበር። «አሟይ» የሚሉት ፕሮግራም በየስልኩና በየቢሮው ስላለ፣ ሰው የሐሳቡን ጫፍ ብቅ ሲያደርግ የቀረውን አሟይ ይጨርስለታል። ለሠርግ የሚጠራው፣ ለቅሶ የሚደርሰው፣ ከሚስቱ ጋር የሚታረቀው ሁሉ በአሟይ ነው። ዘምዘም ይመር ወንድሟ የሞተ ጊዜ ከአራት ዘመዶቿ የደረሳት የማጽናኛ መልእክት ቃል በቃል አንድ ነበር። ከአራቱ አንደኛው ጭራሽ መላኩንም አያውቅም። ዘምዘም ግን ለአራቱም የተለያየ መልስ በጣቷ ጽፋ ላከች፤ ልዩነቱን ያየ ሰው አልተገኘም።

አሟይ የማይገባበት አንድ ቦታ ፍርድ ቤት ነበር። እሱም አንድ ጊዜ ገብቶ ጉድ ስላፈላ ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት በአንድ ሐሙስ ቀን ብቻ ለከተማዋ ፍርድ ቤት አራት መቶ ሺህ አቤቱታ ገባ፤ ከከሳሾቹ አብዛኞቹ መክሰሳቸውን የሰሙት መጥሪያ ሲደርሳቸው ነው። ባልና ሚስት በአንድ አልጋ ላይ ተኝተው ሲካሰሱ ማደራቸውን ጧት አወቁ። ከዚያ ወዲህ ከሰው እጅ ያልወጣ አቤቱታ አይታይም ተባለ።

ስለዚህ በፍርድ ቤቱ ደጃፍ፣ ረጅም ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ አሥራ አራት አቤቱታ ጸሐፊዎች ኪቦርዳቸውን ይዘው በተርታ ይቀመጣሉ። በእያንዳንዱ ጠረጴዛ ሥር «ምት አንባቢ» የሚባል ጥቁር ሣጥን ተገጥሟል። ሣጥኑ ስለሚጻፈው ነገር ግድ የለውም። የሚያዳምጠው ጣት ቁልፍ ላይ የሚያርፍበትን አኳኋን ነው፤ ምን ያህል እንደሚጫን፣ ስንት እንደሚቆይ፣ ከየትኛው ቁልፍ በኋላ እንደሚያመነታ። እያንዳንዱ ጸሐፊ የተመዘገበው በምቱ ነው፤ ፊርማውም ማኅተሙም እሱ ነው። ምቱ ካልታወቀ አቤቱታው ወረቀት ብቻ ነው።

ዘምዘም ከበሩ ሦስተኛው ወንበር ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣለች። ዕድሜዋ ሃምሳ አንድ ነው። ሌላ ሥራ አታውቅም፤ ማወቅም አትፈልግም። ሰው ፊቷ ተቀምጦ የሆዱን ሲናገርና እሷ ስትጽፍለት ያ ነገር ደስ ይላታል፤ እንዲህ ዓይነቱን ደስታ ደግሞ በዚያ ዘመን በሌላ ቦታ ፈልጎ የሚያገኘው ሰው አልነበረም።

የተርታው ሰዎች አንድ ልማድ ነበራቸው። ስዊች የሚሉት ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ያለችውን፣ በውስጧ ትንሽ ሞላ የያዘችውን ዕቃ ነው። ስዊች ሲያረጅ አዲስ አይገዙም። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ጡረታ ሲወጣ ወይም ሲሞት ስዊቾቹን ነቃቅለው ይከፋፈሏቸዋል፤ አንዱ ሦስት፣ አንዱ አምስት ይደርሰዋል። በዘምዘም ኪቦርድ ውስጥ የሰባት ሰዎች ስዊች ነበር። አንዱ ቁልፍ ይከብዳል፣ ሌላው ይንሸራተታል፣ ክፍተት መስጫው ይንቋቋል። ጣቶቿ ግን የእያንዳንዱን ጠባይ ያውቁታል፤ ከባዱን ጫን፣ ቀላሉን ነካ እያደረጉ ይሄዳሉ።

እንግዲህ ዘምዘም ስሕተት የሠራችው በሐምሌ ወር ነው። የፈቃድ ማደሻው ሰሞን ስለደረሰ ኪቦርዷ ንጹሕ ሆኖ እንዲታይ ፈለገች። ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለችው የጋሽ ሙሄ ኪዮስክ ወሰደችውና ሁሉንም ስዊች በአንድ ቀን አስቀየረች፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም የሚያብረቀርቅ። አሮጌዎቹን በፌስታል ይዛ ወደ ቤቷ ስትሄድ ልዋጭ የሚለውን ሰውዬ መንገድ ላይ አገኘችውና በአንድ አረንጓዴ ሳፋ ለወጠቻቸው። ሳፋው ቆንጆ ነበር። ዘምዘም እየተደሰተች ገባች።

በማግሥቱ ጧት የመጀመሪያውን አቤቱታ ጽፋ ስትጨርስ ሣጥኑ ቀይ አበራ።

«ይህ ምት በዚህ ወንበር አልተመዘገበም» ይላል።

ደገመችው። ቀይ። ጣቶቿን አፍታትታ፣ እጇን በሙቅ ውሃ ታጥባ ሞከረች። ቀይ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። ምት አንባቢው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲያውቃት የኖረው ከነዚያ ከሰባቱ ሰዎች ስዊች ጋር ነው። እሷ ነች ብሎ የመዘገበው ግማሹ የእሷ ጣት፣ ግማሹ የእነሱ ሞላ ነበር። አንድ ሁለት ስዊች ሲለወጥ ቀስ ብሎ ይለምደዋል፤ ሁሉም በአንዴ ሲለወጥ ግን ለሣጥኑ ሌላ ሰው ናት። ከሰዓት በፊት የልዋጩን ሰውዬ ፍለጋ ከተማውን አካለለች፤ ስታገኘው ግን ፌስታሉ ከሌላው ውራጅ ጋር ተጭኖ ሄዷል፤ ሲቀልጥም ሳይውል አልቀረም።

ማስታወቂያው በዚያው ዕለት ደረሳት። በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ወይ በተመዘገበው ምቷ ትጽፋለች፣ ወይ በአዲስ ምት ለመመዝገብ በአደባባይ ትፈተናለች፣ አለዚያ ወንበሩን ትለቃለች። የወደቀ ሁለተኛ ዕድል የለውም። ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖት ፈተናውን ያለፈ ሰው በተርታው አይታወቅም፤ የሞከሩትም ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም ዛሬ ቤታቸው ተቀምጠዋል።

በግራዋ የሚቀመጠው ጸሐፊ ውድነህ ወንበሩን አስጠጋ።

«ስሚ ዘምዘም፣ ምን ያስጨንቅሻል? ማለስለሻ አስገቢ።»

«ምን አልክ?»

«ከገመዱ ውስጥ የምትቀመጥ ናት፣ አትታይም። አንቺ እንደፈለግሽ ጻፊ፤ እሷ ምቱን ወደ ድሮው እያስተካከለች ታሳልፈዋለች። እኔ ካስገባኋት ሁለት ዓመቴ ነው። ከአሥራ አራታችን ዘጠኛችን እንዲሁ ነን።»

ዘምዘም ይህን ሳትጠረጥረው አልቀረችም። የውድነህ አቤቱታዎች ከሁለት ዓመት ወዲህ ሁሉም አንድ መልክ ይዘዋል፤ የድንበር ጠብ ይሁን የቀለብ ጥያቄ፣ አጀማመሩም አነጋገሩም ያው ነው። ማለስለሻዋ ከአሟይ ቤት የወጣች ነች። መጀመሪያ ምት ታስተካክላለች፣ ቀጥላ ፊደል፣ ቀጥላ ቃል። ባለጉዳዩ «ከፋኝ» ያለው «ጉዳት ደርሶብኛል» ሆኖ ይወጣል፤ ሲነበብለት ባለጉዳዩም ራሱን ነቅንቆ ይፈርማል። ያ ነው ዘምዘምን የሚያስፈራት።

«እምቢ ካልሽ ወንበሩ ይሄዳል» አላት ውድነህ፤ ክፋት የለበትም፣ እውነቱን ነው።

«ይሂድ እንጂ በውሸት አልቀመጥበትም» አለችው። ድምፅዋ ግን እንደ ቃሏ ጠንካራ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡን ሰንጥቃ ወደ ጋሽ ሙሄ ሄደች።

ጋሽ ሙሄ አራጋው ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው በኮምቦልቻ ጌም ቤቶች የታወቁ ተኳሽ ነበሩ፤ ዛሬም ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ሰው ጦር ሜዳ የዋሉ ይመስለዋል። ኪዮስካቸው ሁለት ሰው አያስቀምጥም። ግድግዳው በሙሉ ትንንሽ መሳቢያ ነው፤ በየመሳቢያው ስዊች፣ ሞላ፣ የቁልፍ ቆብ። የሚገዛቸው ወጣት ተጫዋች ነው፤ ጌም እስካሁን በአሟይ አይሆንም፣ ጨዋታው እንዳይሞት አዘጋጆቹ ከልክለዋል። ከዘምዘም በቀር ለጽሕፈት ብሎ ወደ ጋሽ ሙሄ የሚመጣ ሰው ካዩ ዓመታት አልፈዋል።

ነገሩን ስትነግራቸው ራሳቸውን ያዙ።

«ኧረ አንቺ ልጅ! በሳፋ?»

«በሳፋ፣ ጋሼ። ይስቁብኝ፣ ይገባኛል።»

«እኔም አለሁበት እኮ፤ ጠይቄሽ ቢሆን ኖሮ አልነቅለውም ነበር።» ከጠረጴዛው ሥር አንድ ጣውላ አወጡ፤ ላዩ ላይ ስድሳ ስዊች ተተክሎበታል፤ የመሞከሪያ ሰሌዳ ነው። «በይ እንግዲህ፣ አዲስ እጅ ነው የምንሠራልሽ። ነይ ጣትሽን ስጪኝ። እነዚህ ለስላሶቹ ናቸው፣ ከላይ እስከ ታች እንቅፋት የላቸውም። እነዚህ መሐል ላይ ጉብታ አላቸው፣ ጣትሽ ሲያልፈው ይሰማሻል። እነዚህ ደግሞ ጉብታም አላቸው ቀጭ ብለው ይጮኻሉም፤ እነሱን ለጠላቴ አልመክራቸውም።»

ዘምዘም አንድ በአንድ ተጫነቻቸው። በሕይወቷ ምርጫ ቀርቦላት አያውቅም፤ የደረሳትን ነበር የምትጽፍበት። የሚጫኑበት ክብደት ሠላሳ አምስት ግራም፣ አርባ አምስት፣ ስድሳ፣ ሰማንያ፤ አንዱ እንደ ቅቤ ይሄዳል፣ አንዱ ያንገራግራል። አንድ ሰዓት ሙሉ ስትነካካ ቆየችና የባሰ ግራ ተጋባች።

«ይቺን ውሰጂ» አሉ ጋሽ ሙሄ በመጨረሻ፣ ቀይ ለስላሳ ስዊች እያሳዩ። «ሠላሳ አምስት ግራም። ገና ስትነኪያት ትተኩሳለች፤ ፊደሉ ይገባል። ዘንድሮ ያሸነፉት ልጆች ሁሉ በሷ ነው የሚጫወቱት። ጣትሽ ከሐሳብሽ መቅደም አለበት።»

ጋሽ ሙሄ በሙያቸው የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ዘምዘምም አመነቻቸው። አራት ቀን በቀዩ ስዊች ተለማመደች። ፍጥነቷ ጨመረ። ስሕተቷም ከፍጥነቷ ብሶ ጨመረ። ያልጻፈቻቸው ፊደላት ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ቃል መሐል ይደነቀራሉ፤ ባዶ መስመር ላይ «ረረረረ» ተሰልፎ ታገኘዋለች። በአራተኛው ቀን ተነሥታ ኪቦርዱን የጋሽ ሙሄ ጠረጴዛ ላይ ዘጭ አደረገችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ጠላት አለ ብሎ ነው የሚያስበው!»

«ጠላት ከሌለማ ምን ያጣድፈኛል?» አሉ ጋሽ ሙሄ ተቆጥተው። «የተጣደፍኩት እኮ ላንቺ ብዬ ነው! ስምንት ቀን ነው የቀረሽ።»

«እኔ ዘንድ የሚመጣ ተኳሽ የለም። እኔ ዘንድ የሚመጣው የሚናገር ሰው ነው።»

«ሰው ሲናገርስ ጣት አይፈጥንም? እስቲ ተቀመጪ። እኔ ልናገር፣ አንቺ ጻፊ። በዓይኔ ልየው።»

ተቀመጠች። ጋሽ ሙሄ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ከሳሽ፦ ሙሄ አራጋው። ተከሳሽ፦ ጀማል የተባለ የሐይቅ ሰው። የክሱ ምክንያት፦ ተከሳሽ በ2017 ዓ.ም. በፍጻሜው ጨዋታ ላይ፣ እኔ ጥይት እየሞላሁ ሳለሁ፣ ከጀርባዬ በመስኮት ገብቶ ገድሎኛል...»

ዘምዘም ሳቋ አመለጣት፤ ግን ጻፈች። ጋሽ ሙሄ ቀጠሉ። ጨዋታውን፣ የተሰበሰበውን ሕዝብ፣ ቤቱ ውስጥ የነበረውን ሙቀት ተረኩ። ከዚያ አንድ ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። ያን ዕለት ሊያያቸው መጥቶ ስለነበረ ሰው ሊናገሩ ነበር፤ አባታቸው ነበሩ፣ በሩ አጠገብ ቆመው። ቃል ጠፋባቸው። ዘምዘም አልቸኮለችም፤ ዓይኗን ፊታቸው ላይ አድርጋ ጠበቀቻቸው።

ጋሽ ሙሄ ዓይናቸውን ለመሸሸግ ወደ ታች ሲያዩ ጣቶቿን አዩ።

«ቆይ! አትነቃነቂ!»

«ምን ሆንኩ?»

«ጣትሽ! ቁልፉን ግማሽ መንገድ ወስደሽዋል። አልጫንሽውም፣ አልለቀቅሽውም። ምን እያደረግሽ ነው?»

ዘምዘም ራሷም ያን ጊዜ ነው ያየችው። «እርስዎን እየጠበቅኩ ነዋ» አለች። «ሰው ሲናገር ቀጣዩ ቃል ሊመጣ መሆኑ ይታወቀኛል። ጣቴ ቀድሞ ይሄድና ደጅ ላይ ይቆማል። ሰውየው ሲለው አስገባዋለሁ። ካልሆነም እመልሰዋለሁ።»

ጋሽ ሙሄ ጭንቅላታቸውን በመዳፋቸው መቱ። ቀዩ ስዊች ገና ሲነካ የሚተኩስ ነው፤ ዘምዘም ደጅ ላይ በቆመች ቁጥር እሱ ዘው ብሎ ይገባል። «ረረረረ» የመጣው ከዚያ ነው። የድሮዎቹ ስዊቾች ግን እርጅናቸው ደግ ስለነበረ ጣቷን ግማሽ መንገድ ላይ ሲታገሡት ኖረዋል።

«ወላሂ፣ አርባ ዓመት ስዊች ስሸጥ እንዲህ ዓይነት እጅ አላየሁም» አሉ። ዘወር ብለው ከታችኛው መሳቢያ፣ አቧራውን እፍ እያሉ፣ አንድ ካርቶን አወጡ። «ይቺ ሰነፏ ናት። ተጫዋቾቹ ያወጡላት ስም ነው። አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጣለች፣ አንድም ሰው አልገዛኝም። ስድሳ አምስት ግራም። ጉብታዋ ከላይ ነው፣ ትልቅ ነው፤ የምትተኩሰው ደግሞ ጉብታውን አልፈሽ ወደ ታች ስትወርጂ፣ መጨረሻው ላይ ነው። ቀጭ ትላለች። በሷ የተጫወተ ሰው ከመተኮሱ በፊት ሁለቴ ይሞታል።»

ዘምዘም አንዷን ተቀብላ ተጫነቻት። ጣቷ ጉብታው ላይ ደርሶ ቆመ። ጉብታው ያዘው፤ ደገፈው። እንዲያ እንዳለች አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆየች፤ ምንም አልተጻፈም። ከዚያ ትንሽ ጫን ስትል ቀጭ አለች።

ዘምዘም እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ሁለቱ ተጋግዘው እስኪመሽ ድረስ ቀዮቹን ነቀሉና ሰነፎቹን ተከሉ።

ፈተናው የተደረገው በሐምሌ ሃያ አራት ጧት ነው፤ በዚያው በተርታው፣ በራሷ ወንበር ላይ። ሕጉ እንዲህ ይላል፤ ተፈታኙ ሦስት ሺህ ምት ይጽፋል፣ የሚጽፈውም የእውነተኛ ባለጉዳይ አቤቱታ ነው፣ ባለጉዳዩም በዕለቱ ወረፋ ላይ ከፊት የቆመው ይሆናል። የመጀመሪያው ሺህና የመጨረሻው ሺህ ምት የአንድ ሰው መሆናቸው መታወቅ አለበት። ከዘጠና ሰከንድ በላይ ዝም ከተባለ ፈተናው ይቋረጣል። በመጨረሻ ጽሑፉ ለባለጉዳዩ ይነበብለታል፤ ባለጉዳዩ «ቃሌ ነው» ካላለ የተጻፈው ሁሉ ከንቱ ነው።

ፈታኟ ወይዘሮ ሶልያና ይባላሉ፤ አርባ አምስት ዓመት የሚሆናቸው፣ ዩኒፎርማቸው ያልተጨማደደ፣ የሚናገሩትን ሁሉ ከመነጽራቸው ላይ እያነበቡ የሚናገሩ ሴት። መነጽሩ ላይ አሟይ አለ፤ እሳቸው አፋቸውን ሲከፍቱ የቀረውን ያቀርብላቸዋል።

ከወረፋው ፊት የቆሙት አቶ ይማም አሊ ነበሩ። ተርታው ሲያያቸው ተንሾካሾከ። የውድነህ ፊት ጠቆረ። አቶ ይማምን ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ጡረታ የወጡ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ናቸው፣ ሲናገሩ ቃል ይይዛቸዋል። በዚያ ላይ በአንድ ጉዳይ ሦስት ጊዜ አቤቱታ አስጽፈው ሦስቴም ተመልሶባቸዋል። ሁለቱን የጻፈላቸው ውድነህ ነው።

«አቤቱታዎን ለጸሐፊዋ ይናገሩ» አሉ ወይዘሮ ሶልያና። ሣጥኑ መቁጠር ጀመረ።

አቶ ይማም ተናገሩ። በሰፈራቸው አንድ ትልቅ ዋንዛ ነበር። ከተማው ለዕቃ አመላላሽ ድሮኖች ማረፊያ ሲያበጅ ቆረጠው። ይህን ለማለት ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው። አንዱ ቃል ይመጣል፣ ሌላው በር ላይ ይቀራል፤ አገጫቸው ይንቀጠቀጣል። ዘምዘም ግን አልተቸገረችም። ቃሉ ሲይዛቸው ጣቷ ጉብታው ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሲለቃቸው ቀጭ ቀጭ እያለች ታስገባዋለች። አቶ ይማምም ቀስ በቀስ ነገሩ ገባቸው። ድምፁ ሲቆም ሴትየዋ እየጠበቀቻቸው ነው፤ አልቀደመቻቸውም፣ አልጨረሰችባቸውም። ትከሻቸው ዘና አለ።

አንድ ሺህ ምት አለፈ። ሁለት ሺህም አለፈ። ከዝናቡ ሊጠለል የመጣው ሰው ከቆርቆሮው ሥር ሞላ። ጋሽ ሙሄ ኪዮስካቸውን ዘግተው ከኋላ ቆመዋል።

በሁለት ሺህ ሰባት መቶ ላይ አቶ ይማም ጭራሽ ቆሙ።

«እ... እኔ የምለው... ዛ... ዛፉን...»

ዝም አሉ። ሣጥኑ ላይ ሰከንድ መቁጠሪያው በራ። አሥር። ሃያ። ወይዘሮ ሶልያና መነጽራቸውን አዩ፤ አሟይ የአቶ ይማምን ዓረፍተ ነገር ጨርሶ አቅርቦላቸዋል። ተርታው ሁሉ መጨረሻውን ያውቀዋል፤ «ዛፉን ያለ አግባብ ስለወሰዱብኝ ካሳ ይከፈለኝ» ነው። ሦስቱም የተመለሱት አቤቱታዎች እንዲያ ነበር ያሉት። ዛፉ የአቶ ይማም ስላልሆነ ነው የተመለሰው።

«ዘምዘም!» አለ ውድነህ በሹክሹክታ፣ እውነተኛ ጭንቀት ይዞት። «ጨርሺላቸውና ገላግያቸው! ወንበርሽ ነው!»

አርባ። ሃምሳ። የዘምዘም ጣት ቁልፉ ላይ ግማሽ መንገድ ቆሟል። ሁለት ቃል ብትጥል ይበቃት ነበር፤ አቶ ይማምም ደክሟቸዋል፣ ራሳቸውን ነቅንቀው በፈረሙላት ነበር። ወንበሯን ለማጣት ያን ያህል ቀርባ አታውቅም። ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ዓይኗን ከሰውየው አፍ ላይ ሳትነቅል ጠበቀች። ስድሳ አምስት። ሰባ። ጉብታው ጣቷን ይዞላታል። ሰማንያ።

«ዛ... ዛፉን አልጠይቅም» አሉ አቶ ይማም። «የእኔ አይደለም፣ የማንም አይደለም። እኔ የምለው፣ ሥሩ ስንቀመጥ የኖርነውን ሰዎች ሳትጠይቁን ለምን ቆረጣችሁት? እሱን ነው መልሱልኝ የምለው!»

ቀጭ። ከዚያ እንደ ሐምሌ በረዶ ወረደ። ዘምዘም አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደዚያ ጽፋ አታውቅም። አቶ ይማም አፋቸው ተፈታ፤ በሥሩ የተዳሩትን፣ የታረቁትን፣ ሲበላ የነበረውን የዋንዛ ፍሬ ተናገሩ፤ እሷም አንድ ቃል ሳታጎድል፣ አንድ ቃል ሳትጨምር ከተበችው። ሦስት ሺሁ ሞልቶ አልፎ ሲሄድ ማንም አላየውም።

ሣጥኑ ትንሽ አሰበ። ከዚያ አረንጓዴ አበራ። «የመጀመሪያው ሺህና የመጨረሻው ሺህ የአንድ እጅ ናቸው። ልዩነት አልተገኘም» ይላል።

ንባቡ ግን ገና ቀርቷል። ወይዘሮ ሶልያና ገጹን ከፍ አድርገው አነበቡ። ሲያነቡ ድምፃቸው አንድ ሁለት ቦታ ተሰናከለ፤ መነጽራቸው የማያውቀው ጽሑፍ ነበር። አቶ ይማም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ቃሌ ነው» አሉ። አልተንተባተቡም። «ወላሂ ቃሌ ነው! ሦስቴ አስጽፌ ዛሬ ነው የሰማሁት!»

ተርታው በእልልታ ቀለጠ። ጋሽ ሙሄ እንደ ወጣትነታቸው ሁለት ክንዳቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «አሸነፍን! አሸነፍን!» እያሉ ጮኹ፤ ዝናቡ ውስጥም ዘለሉ። ሰው ዘምዘምን ሳማት፣ አቀፋት፤ አቶ ይማም እጇን ይዘው አልለቅ አሉ። መዝገብ ቤቱ አቤቱታውን በዚያው ሰዓት ተቀብሎ ቀጠሮ ቆረጠለት፤ ለመስከረም አሥራ አምስት፣ ከተማው መልስ እንዲሰጥ። ውድነህ ብቻ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ኋላ ጎንበስ ብሎ ከኪቦርዱ ገመድ ውስጥ አንድ ትንሽ ነገር መዝዞ አወጣና ኪሱ ከተተው። ወደ ጋሽ ሙሄ ቀረብ ብሎ «ከዚያች ከሰነፏ ይኖርዎት ይሆን?» ሲላቸው ዘምዘም ሰምታለች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ሕዝቡ ሲበተን ወይዘሮ ሶልያና ፈቃዱን ፈርመው ሰጧት። ሄዱ ስትል ግን አልሄዱም። ወዲያና ወዲህ አዩ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው አጥፈው ኪሳቸው አስገቡና ባለጉዳይ የሚቀመጥባት ዱካ ላይ ተቀመጡ።

«እኔም...» አሉ። «የቢሮ ጉዳይ አይደለም። የራሴ...»

እንደ ልማዳቸው የቀረውን የሚጨርስላቸው እስኪመጣ ጠበቁ። ማንም አልመጣም። ፊታቸው በድንገት እንደ ጠፋ ሰው ፊት ሆነ።

ዘምዘም ኪቦርዷን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

«አይዞዎት፣ እመቤቴ» አለቻቸው። «ከፈለጉበት ይጀምሩ። እኔ አልቸኩልም።»